መግዛትና መያዝ

«የእኔ» የምትባለው ቃል ሕፃን አፉን እንደ ፈታ ከሚማራቸው ቃላት አንዲቱ ናት። እስከ ሽምግልናችንም ድረስ ከአፋችን አትለይም። የእኔ ቤት፣ የእኔ መጽሐፍ፣ የእኔ መኪና እንላለን። ነገር ግን አንድ ዕቃ የእኛ የሚሆነው በምንድር ነው? ዋጋውን ከፍለን ደረሰኙን በተቀበልንበት ሰዓት ነውን? ወይስ ከዚያ በኋላ በምናደርገው ነገር ነው? ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ አይምሰላችሁ። የእናንተንም ሕይወት የሚነካ መሆኑን ወደ ፊት ታያላችሁ።

ለምርመራችን ምሳሌ እንዲሆነን በዚህ ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ ሰው የሚመኘውን፣ ክሮስኦቨር የተባለውን ከፍ ያለ የቤት መኪና እንውሰድ። እኔ ራሴ መኪና የለኝም፤ በእግሬና በታክሲ መሄድ ልማዴ ነው። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ በማስተማር ሥራ ላይ ስለ ቈየሁ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም ጎረቤቶቼም አዲስ መኪና ሲገዙ ደስታቸውን፣ ሲበላሽባቸውም ኀዘናቸውን ያጫውቱኛል። እኔም እንደ አስተማሪ ልማድ ከመኪናው ይልቅ ሰውየውን እመለከታለሁ።

አስቀድመን ነገሩን እንወቀው። እንደ ላንድ ክሩዘር ያሉት የገጠር መኪናዎች መሰላል በሚመስል ወፍራም የብረት ሻንሲ ላይ የተጫኑ ናቸው። ክሮስኦቨር ግን እንደ ትንሽ አውቶሞቢል አካሉና ሻንሲው አንድ ሆኖ የተሠራ ነው። ቶዮታ በ1994 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው ራቭ ፎር ከዚህ ዐይነት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ቁመቱ የገጠር መኪና፣ አጥንቱ ግን የከተማ መኪና ነው ማለት ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ለከተማ ሰው ይመቻል፤ ነዳጅም ይቈጥባል። ነውሩ ገዢው መልኩን አይቶ አጥንቱን ሳይጠይቅ የቀረ እንደ ሆነ ነው። ከፍ ያለ ስለ ሆነ ብቻ ወንዝ ያሻግረዋል፤ በኮረኮንች ላይ ያስጋልበዋል፤ በኋላም «ተታለልሁ» ይላል። ያታለለው የገዛ ዐይኑ ነው።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በንግድ ቀንቶት እንዲህ ያለውን መኪና አዲሱን ገዛ። ደስታው ልክ አልነበረውም። የመቀመጫውን ፕላስቲክ ሳያነሣ ወራት ቈየ፤ በየሳምንቱም ወደ ላቫጆ እየወሰደ ያሳጥበውና ያስወለውለው ነበር። ከመኪናው ጋር የመጣውን የአያያዝ መጽሐፍ ግን ከነማሸጊያው በኪሱ ውስጥ ተወው። ዘይት የሚያስቀይረው መካኒክ ሲያስታውሰው ብቻ ነበር። በአራተኛው ዓመት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከእንጦጦ ሲወርድ ፍሬኑ ላላ፤ ፔዳሉን ቢረግጠውም እስከ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። መንገዱን ስቶ ከዳገቱ ጥግ ጋር ተላትሞ ቆመ። የሞተ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹ ግን ለብዙ ጊዜ መኪና ውስጥ መግባት ፈሩ። በኋላ መካኒኩ የፍሬኑን ዘይት ሲያፈስሰው እንደ ቡና ጠቁሮ ተገኘ። ተማሪዬ ሊያጫውተኝ በመጣ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ይህን ያህል ገንዘብ አፍስሼበት መኪናው ከዳኝ» አለኝ።

እኔ ግን፣ ከሁለቱ ከዳተኛው ማን ነው? ብዬ አሰብሁ። የፍሬን ዘይት ባሕርይው ከአየር ላይ እርጥበትን መሳብ ነው። እርጥበት በገባበት መጠን በትንሽ ሙቀት ይፈላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ማርሹን ሳይቀንስ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን እንደ ምጣድ ያግለዋል፤ ያን ጊዜ ዘይቱ ይፈላና በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት የሚታመቅ ስለ ሆነ የእግሩን ኀይል ወደ ጎማው አያደርስም። ስለዚህም ነው ብዙ ፋብሪካዎች ይህ ዘይት በሁለት ዓመት ገደማ እንዲቀየር የሚያዝዙት። ትእዛዙም በታሸገው መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ነበር። መኪናው ሰውየውን አልከዳውም፤ ሰውየው የሚታየውን ክፍል እየወለወለ የማይታየውን ክፍል ስለ ተወው ነው እንጂ።

በሰፈራችን የምትኖር አንዲት ነርስ ደግሞ ተመሳሳይ መኪና ከባንክ ተበድራ ገዛች። እርስዋ በመኪናዋ ውስጥ አንዲት ደብተር አላት። ዘይትና ፊልትሮ የተቀየረበት ቀንና ኪሎሜትር፣ የጎማው ነፋስ የተለካበት ቀን፣ የፍሬን ሸራው የቀረው ውፍረት ሁሉ በዚያ ተጽፏል። በአዲስ አበባ አቧራው ብዙ ነው፤ ከተማይቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ኀይሉ ይቀንሳል፤ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ደግሞ ይብስበታል። ነርሷ ይህን ስላወቀች ማጣሪያውን በመጽሐፉ ከተጻፈው ቀን አስቀድማ ታስቀይራለች። አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ መጻፍ አይሰለችሽም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ በጠራሁት ጊዜ እንዲነሣልኝ ነው» አለችኝ።

እነዚህ ሁለቱ ሰዎች ሁለቱም ገዝተዋል፤ ሁለቱም በስማቸው የተጻፈ ሊብሬ አላቸው። በሕግ ፊት እኩል ባለቤቶች ናቸው። በእኔ አስተያየት ግን መኪናዋን የያዘችው እርስዋ ብቻ ናት። አበው «አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው» ሲሉ የተናገሩት ይህንኑ ነው። ገንዘብ የሚሰጠን ዕቃውን ከሻጩ የመውሰድ መብትን ብቻ ነው፤ መያዝ ግን በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው።

ይህን ስል የሚቃወመኝ ሰው እንደሚኖር ዐውቃለሁ። «ገንዘቡ የእኔ ነው፤ መኪናውም የእኔ ነው፤ ባበላሸው የምከስረው እኔ ነኝ፤ ሌላውን ምን አገባው?» ይላል። ይህ አነጋገር በብርጭቆ ወይም በኮፍያ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። በመኪና ላይ ግን እውነት አይደለም። ከ1,500 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት በሰፈር መካከል ሲሄድ ፍሬኑ የባለቤቱ ብቻ ሊሆን አይችልም። መንገድ የምታቋርጠው ተማሪ፣ በጥጉ በቆሎ የምትጠብሰው እናት፣ ከፊት የቆመው የታክሲ ረዳት፣ እነዚህ ሁሉ ሳያውቁት ሕይወታቸውን በዚያ ፍሬን ላይ ጥለዋል። ጎማው ማለቁን፣ ዘይቱ መጥቆሩን ሊመረምሩ አይችሉም፤ ሊመረምር የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው። ኀላፊነት ማለትም ይህ ነው፤ ሌላው ሊያየው የማይችለውንና እርሱን የሚጎዳውን ነገር ስለ እርሱ ሆኖ ማየት ነው። ለዓመታዊው ምርመራ ብቻ ደኅና ጎማ ተውሶ ቦሎ የሚያወጣ ሰው መንግሥትን ያታለለ ይመስለዋል፤ ያታለለው ግን መንገድ የምታቋርጠውን ልጅ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ «ይህ የድሮ ነገር ነው፤ አሁን የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፤ እርሱ ጥገና አያሻውም» ይለኛል። በእርግጥ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በከተማችን የኤሌክትሪክ ክሮስኦቨሮች በዝተዋል። የሞተር ዘይት የላቸውም፤ ጭስም የላቸውም፤ ይህም ትልቅ በጎነት ነው። ነገር ግን ከባድ ባትሪ ስለሚሸከሙ ጎማቸው ፈጥኖ ያልቃል። ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ መታየት አለበት። የፍሬን ዘይታቸውም እንደ ሌላው ሁሉ እርጥበት ይስባል። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ የሞተች እንደ ሆነች፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አልነሣም ይላል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለ ሆኑ ጽሑፋቸው በቻይንኛ ነው፤ ስለዚህ መኪናው ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ባለቤቱ ማንበብ አይችልም። ማስጠንቀቂያውን የማያነብ ባለቤትና የአያያዝ መጽሐፉን ያልከፈተው ተማሪዬ በምን ይለያያሉ? የመኪናው ዐይነት ተለወጠ እንጂ የሰውየው ግዴታ አልተለወጠም።

አዲስ መሆንም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ክሮስኦቨር በ2014 ዓ.ም. ለገበያ ባቀረበ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ጎማውን የሚያሥሩት ብሎኖች ሊላሉ እንደሚችሉ፣ ጎማውም በጉዞ ላይ ሊወልቅ እንደሚችል ተገነዘበ። 2,700 ያህል መኪናዎችን ለመመለስ ጠራ፤ ባለቤቶቹም መፍትሔ እስኪገኝ እንዳይነዱት አስታወቀ። እዚህ ላይ ሁለት ትምህርት አለ። የመጀመሪያው፣ በብዙ ጥበብ የተሠራ ነገር በአንድ ብሎን ሊፈርስ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ስሕተትን በአደባባይ መናገር የሠሪው ግዴታ እንደ ሆነ ሁሉ፣ መስማትና መታዘዝም የባለቤቱ ግዴታ መሆኑ ነው። የፋብሪካውን ጥሪ ሰምቶ «እኔን እስካሁን ምንም አላገኘኝም» ብሎ የሚነዳ ሰው፣ የሠሪውን ጥፋት ተቀብሎ የራሱ ጥፋት አደረገው።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያልቅ፣ ጥንቃቄን ከልክ በላይ ያመሰገንሁ እሆን ነበር። በሰፈራችን ሌላ ሰው አለ። እርሱ መኪናውን ከሁላችንም አብልጦ ይጠብቃል፤ ጋራዥ የሚወስድበትን ቀን አያሳልፍም፤ ማታ ማታ በሸራ ይሸፍነዋል። አንድ ሌሊት የጎረቤቱን ሚስት ምጥ በያዛት ጊዜ ባልየው በሩን አንኳኳ። ሰውየውም ስለ መቀመጫው አስቦ፣ «ቁልፉ የት እንደ ሆነ አላውቅም» አለ። ሴትዮዋ በሌላ ሰው መኪና ሄዳ በሰላም ወለደች። ከዚያ ወዲህ ያ መኪና ሲያብረቀርቅ ባየሁ ቍጥር፣ መኪናው የሰውየው ነው ወይስ ሰውየው የመኪናው? እያልሁ እጠይቃለሁ።

እንግዲህ ነጋዴው መኪናውን ሳይዘው ቀረ፤ ይኸኛውን ግን መኪናው ያዘው። የነርሷ ጥንቃቄ ከሁለቱ የሚለየው መጨረሻው ሰው ስለ ሆነ ነው። ዕቃን መጠበቅ መልካም የሚሆነው በሚያስፈልግበት ሰዓት ለሰው እንዲደርስ የታሰበ እንደ ሆነ ነው። ለራሱ ለዕቃው ሲባል ብቻ የሚደረግ ጥንቃቄ የንፉግነት ሌላ ስሙ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጥንቃቄው ትክክል መሆኑን ለማወቅ ከፈለገ፣ «ይህን የምጠብቀው ለማን ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

የመጨረሻው ፈተና የሚመጣው በመሸጥ ቀን ነው። በአገራችን መኪና ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ማስቀመጫ ሲታይ ስለ ኖረ፣ ሻጭ ሁሉ ከፍ ባለ ዋጋ ሊሸጥ ይመኛል። በዚህ ጊዜ ኪሎሜትሩን ወደ ኋላ የሚያስመልስ፣ የተጋጨውን በቀለም የሚሸፍን፣ የጠፋ መብራቱን እንጂ የላላ መሪውን የማያሠራ ሰው አይጠፋም። «ገዢው ራሱ ይመርምር» ይላል። ነገር ግን ሻጩ የሚያውቀውንና ገዢው ሊያውቅ የማይችለውን ጉድለት ደብቆ መሸጥ፣ ከዕቃው ጋር አደጋውን ጠቅልሎ መስጠት ነው። ነርሷ ባለፈው ዓመት መኪናዋን ስትሸጥ ያችን ደብተር ለገዢው ሰጠችው። በደብተሯ ውስጥ አንድ ጊዜ ከኋላ መጋጨቱም ተጽፎ ስለ ነበር ገዢው ዋጋ ቀነሰባት። ደላላው «ምን አስጻፈሽ!» ብሎ ተቈጣት። እርስዋም የተቀነሰባትን ገንዘብ እንደ ዋዛ አላየችውም፤ የባንክ ዕዳ ያለባት ሴት ናትና። ሆኖም ደብተሩን አልቀደደችውም። መኪናውን የያዘችው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

ልጆቼ፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ዛሬ መኪና የላችሁም፤ ምናልባትም ለብዙ ዓመት አይኖራችሁም። ነገር ግን የተዋሳችሁት መጽሐፍ፣ የወንድማችሁ ብስክሌት፣ በቢሮ የተሰጣችሁ ኮምፒዩተር በእጃችሁ አለ። አያያዝ የሚለመደው በእነዚህ ነው። በተማርሁበት በሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ መምህራችን መጋዙን ዘይት ሳይቀባ የሚመልስ ተማሪን ዕቃ አያውሱትም ነበር፤ «ከአንተ በኋላ የሚመጣውን ልጅ አላሰብኸውም» ይሉት ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ትንሹን ነገር በጊዜው ማድረግ ልመዱ። ምናልባት አንድ ቀን አዲስ መኪና ገዝታችሁ ቁልፉን በተቀበላችሁ ጊዜ ደስ ይበላችሁ፤ ደስታችሁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ወደ ላቫጆ ከመሄዳችሁ በፊት መጽሐፉን ከማሸጊያው አውጥታችሁ አንብቡት፤ ደብተርም ግዙ።