የወደቀ እረኛ እጅ

ባለፈው ክረምት በዳንግላ አቅራቢያ ካለችው ትንሽ ማኅበራችን አንዲት ወጣት እያለቀሰች ወደ እኔ መጣች። ያጠመቃት ሽማግሌ ለድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ለራሱ እንዳዋለው በጉባኤ ፊት ተረጋግጦበት ነበርና፤ «መምህር፥ የዚያ ሰው እጅ እንዲህ ከሆነ እኔ ተጠምቄአለሁ ማለት ነውን? ወይስ እንደገና ያጠምቁኛል?» አለችኝ። ጥያቄዋን ንቄ ላልፈው አልቻልሁም፤ እኔው ራሴ በወጣትነቴ ይህንኑ ጥያቄ እንደ ድንጋይ በአያቴ ላይ ወርውሬው ነበርና።

አያቴ በአገው ምድር፥ በእንጅባራ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር ቄስ ነበሩ። ድቁናን በልጅነታቸው የተቀበሉት ከአቡነ አብርሃም ነው። አቡነ አብርሃም በ1921 ዓ.ም. በካይሮ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በዮሐንስ 19ኛ አንብሮተ እድ ጵጵስናን ከተቀበሉት ከአራቱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት አንዱ ነበሩ፤ የጎጃምም ጳጳስ ሆኑ። ከዚያ በፊት 1600 ዓመት ያህል ጳጳሳችን ከግብፅ ይመጣልን ነበር። ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው መካከል ለራሳቸው ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል ሥርዓት በፍትሐ ነገሥት ተጽፎ፥ የኒቅያ 318ቱ አባቶች ደነገጉት ይባል ነበርና። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ325 በኒቅያ የተደነገጉት ቀኖናዎች ሃያ ናቸው፤ በአንዱም ስንኳ የኢትዮጵያ ስም የለም። በኋላ ዘመን ሰዎች የጨመሩት ቃል የአባቶችን ስም ለብሶ ይህን ያህል ዘመን ኖረ። እንግዲህ ትውፊት ሁሉ ከሐዋርያት ነው የሚለን ሰው ይህን ያስብ። ትውፊትን ሁሉ እንጣል የሚለንም ያስብ፤ በዚያው ስሕተት ባለበት መንገድ የክርስቶስ ወንጌል ወደ እኛ ደርሷልና።

ከአራቱ ጳጳሳት አቡነ ጴጥሮስን ጣልያኖች ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ገደሏቸው። አቡነ ሚካኤልም በጎሬ ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን በሸመገሉ ጊዜ ለጣልያን ተገዙ፤ በ1930 ዓ.ም. ጣልያን ከእስክንድርያ ተለይታለች ባላት ቤተ ክርስቲያን ላይ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ የእስክንድርያ ሲኖዶስም አወገዛቸው። አባቶቻችን የተመኙትን ነጻነት ያን ጊዜ የሚሰጣቸው መስሎ የቀረበው የአቡነ ጴጥሮስ ገዳይ ነበር። እውነተኛው ነጻነት በብዙ ልመናና ትዕግሥት የመጣ ነው፤ በ1940 ዓ.ም. ከእስክንድርያ ጋር ስምምነት ሆነ፥ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፥ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ።

ይህን ታሪክ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከመጽሐፍ አነበብሁት፤ ትምህርቱም አስታበየኝ። በ1985 ዓ.ም. ለዕረፍት ወደ ቤት ተመልሼ፥ አያቴ ከቅዳሴ መጥተው በምድጃው ዳር እንደ ተቀመጡ፥ «አባባ፥ በራስዎ ላይ የተጫነው እጅ በኋላ ለጣልያን የተዘረጋው እጅ ነው። እንግዲህ ክህነትዎ ከየት መጣ?» አልኋቸው። አያቴ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፥ በዚያ ዘመን እኛ ጫካ ነበርን። ሹመታቸውን የሰማን ዕለት ስማቸውን በቅዳሴ መጥራት ተውን። ድቁናዬን ግን ወዴት ልጣለው? የሰጡኝ እርሳቸው መሰሉህን?»

መልስ አጣሁ፤ ይቅርታም አልጠየቅሁም። በሚቀጥለው ዓመት ዐረፉ።

ብዙ ቆይቼ ስለ አውግስጢኖስ ስማር፥ በሰሜን አፍሪካ የነበረው ታላቅ ክርክር ይኸው እንደ ነበር ተረዳሁ። በዲዮቅልጥያኖስ ስደት፥ በ303፥ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለአሳዳጆች አሳልፈው የሰጡ ካህናት ነበሩ፤ የዶናቶስም ወገኖች፥ እንዲህ ያለ ሰው የሾመው ጳጳስ ጳጳስ አይደለም፥ ያጠመቀውም አልተጠመቀም ብለው ተለዩ፤ መለያየቱም ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። አውግስጢኖስ ግን ጥምቀት የክርስቶስ እንጂ የአጥማቂው አይደለም ብሎ ተከራከራቸው። አያቴ የአውግስጢኖስን ስም ሰምተው እንደሆነ አላውቅም። ነገር ግን አንድ ነገር አክለውልኛል፤ ጸጋውን አልጣሉም፥ የወደቀውንም አባት ተከትለው አልወደቁም።

እኛ የወንጌል ሰዎች የካህናትን ድካም መቍጠር ይቀናናል። የራሳችንንስ? ሉተር በ1543 ስለ አይሁድ የጻፈውን መጽሐፍ ያነበበ፥ ቅዱስ ቃሉን ወደ ሕዝብ ቋንቋ የመለሰው ያው እጅ ይህን ደግሞ መጻፉን አይቶ ያፍራል። ኤልያስን ይመግቡ የነበሩት ቁራዎች በሕጉ ርኩሳን ነበሩ፤ እንጀራው ግን እንጀራ ነበረ።

በማኅበራችን አንዳንዶች ጎረቤቶቻችን እንዳይስቁብን የሽማግሌውን ነገር እንሸፍን አሉ። እኔ ይህን አልተቀበልሁም። ጳውሎስ ጴጥሮስን በአንጾኪያ በሰው ሁሉ ፊት ገሠጸው እንጂ ስለ ሐዋርያነቱ ክብር አላለፈውም። ስለዚህ ሽማግሌው ከሹመቱ ተሻረ፤ ገንዘቡንም በየወሩ ከደመወዙ ይመልስ ዘንድ ተፈረደ። የሌሎቹም ሽማግሌዎች ሒሳብ ተመረመረ፤ የእኔም ጭምር፤ በዚያም ሁለት ደረሰኝ ጎድሎ ተገኘብኝ፥ አፈርሁ።

ለወጣቲቱም፥ «ልጄ፥ ዳግመኛ አላጠምቅሽም፤ የተጠመቅሽው በስሙ አይደለምና» አልኋት። ወዲያው አልተጽናናችም። ሦስት እሑድ ቀረች። በአራተኛው መጥታ በፊት እንደምታደርገው መዝሙር አስጀመረች፤ በመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ የነበረው ያ ሰው አንገቱን እንደ ደፋ በዝግታ ተቀበላት።