የድል ምስጋና ለማን ይገባል?

ሰዎች ተባብረው ሠርተው መልካም ፍሬ ባገኙ ጊዜ፥ ከፍሬው ክፍያ ይልቅ የምስጋናው ክፍያ ሲያጣላቸው መኖሩ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ጎተራው በሞላ ጊዜ ያረሰውም፥ ዘር ያበደረውም፥ ወፍ የጠበቀውም «እኔ ባልኖር ኖሮ» ይላል። ሦስቱም እውነት ስለሚናገሩ ዳኛ ሆኖ የሚቀመጠው ሰው ይቸገራል፤ ሐሰትን ከእውነት መለየት ቀላል ሲሆን፥ እውነትን ከእውነት ጋራ ማመዛዘን ግን ከባድ ነውና።

የእግር ኳስ ወዳጆችም ስለ ብሔራዊ ቡድናችን መነሣት በየቡና ቤቱ የሚከራከሩት ይህንኑ ነው። ክርክሩ ለጊዜ ማሳለፊያ የተነሣ ቢመስልም፥ በውስጡ ያለው ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱና በየቤተ ሰቡ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ከአንባቢያን ጋራ ልንመረምረው ወደድን።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ቡድን በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ግን ኃይሉ እየደከመ ሄደ፤ በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ከተደረገው ውድድር ወዲህም ለ31 ዓመታት ከዋንጫው አደባባይ ራቀ። ይባስ ብሎ በ2000 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ በአመራር ክርክር ምክንያት በፊፋ ታገደ፤ ቡድኑም ከዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተሰረዘ። ከዚህ ውድቀት ተነሥቶ፥ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት፥ በመጀመሪያ ቤኒንን አለፈ። ቀጥሎም በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፎ ሳለ፥ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 2 ለ 0 ረታ፤ በሰው ሜዳ ባገባቸው ግቦች ብልጫም ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ በቃ።

ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። አንዱ «ምስጋናው የአሠልጣኙ ብቻ ነው» ይላል። ሁለተኛው «እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስና እንደ ደደቢት ያሉ ክለቦች ደመወዝ ከፍለው ያሳደጓቸውን ልጆች አሠልጣኙ ተዘጋጅተው አገኛቸው» ይላል። ሦስተኛው ከእርሳቸው በፊት ለአጭር ጊዜ የሠሩትን የውጭ አገር አሠልጣኞች፥ ኢፊ ኦኑራንና ቶም ሴንትፊትን ያስታውሳል። አራተኛው ሱዳን ላይ ግብ ያገቡትን አዳነ ግርማንና ሳላዲን ሰኢድን ይጠራል። አምስተኛው ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተስፋ ሳይቆርጥ ስታዲየም የሞላውን ሕዝብ ያነሣል። በመጨረሻም አንድ አስታራቂ ሽማግሌ ብድግ ብሎ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ምስጋናው የሁሉም ነው» ሲል ጉባኤው ይበተናል።

እኛ ግን ይህ እርቅ ፍርድ አይመስለንም። «የሁሉም ነው» ማለት ብዙ ጊዜ «የማንም አይደለም» ማለት ይሆናል። ብዙ የደከመውንና ጥቂት የደከመውን በአንድ ቁና የሚሰፍር ሰው፥ ጠብን አስቀረ እንጂ ለማንም ዕዳውን አልከፈለም። ምስጋና ዕዳ ከሆነ ደግሞ የሚከፈለው ለታወቀ ሰው፥ ስለ ታወቀ ሥራ መሆን አለበት።

በደቡብ አፍሪካ የተደረገውን የመጀመሪያ ጨዋታ እንመልከት። ቡድናችን የወቅቱን የዋንጫ ባለቤት ዛምቢያን በገጠመበት ዕለት፥ በረኛው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣበት። ተጠባባቂው በረኛ እንዲገባ ከሜዳ ተጫዋቾች አንዱ ምንም ሳያጠፋ ቦታውን ለቅቆ መቀመጥ ነበረበት። የቀሩት ዐሥሩ የዐሥራ አንድ ሰው ሩጫ ሮጡ፤ አዳነ ግርማም ባገባት ግብ 1 ለ 1 ተለያዩ። ግቧን ሁሉም ያስታውሳል። ቦታውን ለቅቆ የተቀመጠውን ግን ማን ያስታውሰዋል? ያች አንዲት ነጥብ ከእርሱ ዝምታም የተገኘች አይደለችምን?

አሁን ነገሩን ለብዙዎቻችን ወደሚቀርበው፥ ወደ ጽሕፈት ቤት እናምጣው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚወጣን ደብዳቤ አንዱ ያረቅቃል፥ ሌላው ይጽፋል፥ ሌላው ቁጥር ይሰጣል፥ አለቃው ይፈርማል። ደብዳቤው መልካም ፍሬ ቢያመጣ የሚመሰገነው ፈራሚው ነው። ይህ ለአርቃቂው ቅር የሚያሰኝ ቢሆንም ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ፊርማ ማለት «ስሕተት ቢገኝ የምጠየቀው እኔ ነኝ» ማለት ነውና። ሰውነት ቢሻውም የዚያ ቡድን ፈራሚ ነበሩ። በጥር 2006 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ በተዘጋጀው የአፍሪካ ሻምፒዮና ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ በተሸነፈ ጊዜ ከሥራቸው የተሰናበቱት እርሳቸው ናቸው። ክለቦቹ አልተሰናበቱም፤ ደጋፊውም አልተሰናበተም። የወቀሳውን ሸክም የተሸከመ ትከሻ የምስጋናውን ካባ ቢደርብ፥ አድልዎ ነው ሊባል አይገባም።

ነገር ግን ፈራሚውን ማመስገን የፍርዱ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ያስተማረን የሰኔ 2005 ዓ.ም. ታሪክ ነው። በዚያ ወር ቡድናችን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1፥ ደቡብ አፍሪካንም በአዲስ አበባ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሕዝቡም ወደ መጨረሻው ማጣሪያ አለፍን ብሎ በየመንገዱ ጨፈረ። ጭፈራው ሳይበርድ ግን በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት ማረፍ የነበረበት አንድ ተጫዋች በቦትስዋናው ጨዋታ መሰለፉ ተሰማ። ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ፤ ውጤቱ ተሽሮ 3 ለ 0 እንደ ተሸነፍን ተቆጠረ፥ ሦስት ነጥብም ሄደ። ቡድኑ በጳጉሜን የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፎ ጉድለቱን ባይሞላ ኖሮ፥ የብዙ ወራት ላብ በአንዲት መስመር ጽሕፈት ጉድለት በጠፋ ነበር።

እንግዲህ እናስተውል። ከዚያ ዕለት በፊት በተደረጉት ጨዋታዎች ሁሉ ካርድ የሚቆጥር፥ መዝገብ የሚያመሳክር ሰው ነበረ። ሥራውን በትክክል በሠራባቸው ቀኖች ማንም አላጨበጨበለትም፤ በትክክል የተሠራ መዝገብ ድምፅ የለውምና። መኖሩ የታወቀው መዝገቡ የጎደለ ዕለት ነው። በዓለም ላይ ካለው መልካም ሥራ ብዙው እንዲህ ያለ ነው፤ የመድኃኒት መጋዘን ጠባቂው፥ የባቡር ሐዲድ መርማሪው፥ ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚመታው ሁሉ የሚታሰቡት ነገር የተበላሸ እንደ ሆነ ነው። ለስሕተቱ ስም ፈልገን ለመልካምነቱ ስም ካልፈለግን፥ ሚዛናችን የተዛባ ነው።

ስለዚህ ለተከራካሪዎቹ ወዳጆቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለፈራሚው፥ ስለ ተሸከመው ኃላፊነት፥ በስሙ ምስጋናውን እንስጠው። ግብ ላገባውም ስለ ግቡ፥ ላሳደገው ክለብም ስለ ማሳደጉ፥ ለየሥራቸው እንስጣቸው። ከአንድ ጧፍ ሌላ ጧፍ ቢለኮስ የፊተኛው ብርሃን አይጎድልም። ከዚያም ክርክሩን ከመዝጋታችን በፊት «በደኅና የሠራ በመሆኑ ያላየነው ማን ነው?» ብለን አንድ ጊዜ እንጠይቅ። ስሙን ለማግኘት ድካም ይጠይቃል፤ በጋዜጣ አልወጣም፥ በጭፈራውም አልተጠራምና። ሆኖም ያን ስም ፈልጎ የሚጠራ ሕዝብ፥ በሚመጣው ውድድር መዝገቡን የሚጠብቅለት ሰው አያጣም።