ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ

የሰፈራችን ዘበኛ ናቸው፤ ሁላችንም “ጋሼ” እንላቸዋለን። ባለፈው ክረምት ራሳቸውን እያመማቸው፣ ብርድ ብርድ እያላቸው ሦስት ቀን ቻሉትና በአራተኛው እግራቸውን እየጎተቱ አንድ ክሊኒክ ሄዱ። ካርድ አወጡ። “ምንዎን ነው ያመመዎት አባባ?” ተባሉ። ገና መናገር ሲጀምሩ ሐኪሙ መጻፍ ጀመረ፤ ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ። ደሙም ቢሆን አንድ አይደለም፤ የስኳሩ አለ፣ የኩላሊቱ አለ፣ የጉበቱ አለ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ውጤቱ መጣ። ምን ተገኘ? መቼስ ሳልነግራችሁ ገምታችኋል። “ታይፎይድና ታይፈስ።”

መድኃኒቱን አልገዙም። የያዟት ገንዘብ ላቦራቶሪው መስኮት ላይ አልቃ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ በራቸው ተመለሱ።

እዚህ አገር ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶበት የማያውቅ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! በሽታዎቹ ቀልድ አይደሉም፤ ይገድላሉ። የሚያስቀው ምርመራው ነው። ለታይፎይድ በየክሊኒኩ የሚሠራው “ዊዳል” የሚባለው ነው፤ ፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው። የታይፈሱ “ዌል ፌሊክስ” ደግሞ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ልጅ ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት ጀርሙን ራሱን ሳይሆን ሰውነታችን ሊከላከለው ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ በሽታው ከለቀቀም በኋላ ይቆያል፤ በሌላ ጀርም ሰበብም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ታይፎይድ በሚዘወተርበት አገር፣ አንዴ ብቻ በተቀዳ ደም “ፖዘቲቭ ነህ” መባል “አንድ ቀን ከጀርሙ ወይም ከዘመዱ ጋር ተገናኝተህ ይሆናል” ከመባል ብዙም አይዘልም። ይበልጥ የሚታመነው ከደሙ ላይ ጀርሙን አሳድጎ የሚያሳየው ካልቸር ነው። እሱ ግን ቀናት ይፈጃል፤ መሣሪያና ባለሙያም ይፈልጋል።

ሌላም ጉድ አለ። ላቦራቶሪ “ኖርማል” የሚለው ወሰን አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ጤነኞች 95ቱን እንዲያቅፍ ሆኖ የተሠመረ ነው። አምስቱ ምንም ሳይሆኑ ከመስመሩ ይወጣሉ። እንግዲህ አስሉት፤ አንድ ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ቢታዘዙለት፣ ቢያንስ በአንዱ “ችግር” የሚገኝበት ዕድል ከመቶ 64 ገደማ ነው። ያ አንዱ ሌላ ምርመራ ይወልዳል፤ ሌላው ደግሞ ሌላ።

ሐኪሙን ብቻ መውቀስ ደግ አይደለም። ክሊኒኩ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ከላቦራቶሪው ነው፤ ሐኪሙም አንድ ነገር ቢያመልጠው የሚመጣበትን ይፈራል። ደግሞስ እኛ?

ልጄን አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዟት ወሰድኳት። ሐኪሟ ጉሮሮዋን አየች፣ ጆሮዋን አየች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ እኔን ደግሞ ረጅም ጊዜ ጠየቀችኝ። “ጉንፋን ነው። ፈሳሽ ስጣት። ከሁለት ቀን በኋላ ካልተሻላት፣ ወይ አተነፋፈሷ ከተለወጠ ቶሎ አምጣት” አለችኝ። ምርመራ የለ፣ መድኃኒት የለ። “ለዚህ ነው ገንዘቤን የከፈልኩት?” እያልኩ ወጣሁና በቀጥታ ሌላ ክሊኒክ ገባሁ። እዚያ ደሟን ቀዱልኝ። ልጅቷ እሪ እያለች እኔ ወረቀት በመያዜ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ያን ቀን ካየናቸው ሁለት ሐኪሞች በእውነት የመረመረቻት የመጀመሪያዋ ነበረች። ይህ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ሆስፒታል “ወጪ እንቀንስ” ሲል ሕዝቡ “ሊነፍጉን ነው” ብሎ ይሰማል። አይፈረድበትም። “ሪኤጀንት የለም፣ ውጭ አሠሩ” እየተባለ የኖረ ሕዝብ ነው። ክፋቱ ደግሞ፣ የሚያስፈልገውን መንፈግና የማያስፈልገውን መተው በሒሳብ ሹሙ መዝገብ ላይ ቁርጥ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ያልተሠራ ምርመራ ያልወጣ ወጪ ነው፣ በቃ። ሁለቱን መለየት የሚችለው በሽተኛው ፊት የተቀመጠው ሰው ነው፤ ያውም ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት “ውጤቱ ቢመጣ ምን የምለውጠው ነገር አለ?” ብሎ ራሱን ከጠየቀ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው “ቹዚንግ ዋይዝሊ” የተባለ ዘመቻ የሐኪሞችን ማኅበራት ነበር የጠየቀው። እያንዳንዳቸው “ይህ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ?” ሊባልባቸው የሚገቡ አምስት አምስት ነገሮችን እንዲዘረዝሩ። ነገሩን ለሒሳብ ክፍል አልተወውም።

እኛስ ከሐኪም የምንገዛው ምንድነው? በእጅ የሚያዝ ነገር ካልሆነ ገንዘባችን የተበላ ይመስለናል። “እስካሁን ለይቼ አላወቅሁትም፤ ሁለት ቀን እንጠብቅ” የሚል ሐኪም እውነቱን ነግሮናል፤ እኛ ግን ካርዳችንን ይዘን ወደ ጎረቤቱ እንሮጣለን። ጎረቤቱም ይህን ያውቃል።

ጋሼን ሰሞኑን “ተሻለዎት?” አልኳቸው። ትኩሳቱም ብርዱም ለቋቸዋል፤ በሩን እንደ ድሯቸው ይጠብቃሉ። “እሱስ ተሻለኝ” አሉና ያቺን የተጣጠፈች ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። “ታይፎይዱ ግን ውስጤ ነው ያለው። መድኃኒቱን አልወሰድኩማ! ትንሽ ትንሽ እያጠራቀምኩለት ነው።”