መክሊት የሚነገድበት ገበያ

በገብር ኄር ሰንበት «ተምሮ ከአገር የሚወጣ ሰው መክሊቱን ቀበረ ይባላልን?» ብለን ተከራክረን ነበር። እኔ የትምህርት ሊቁን ዶክተር አክሊሉ ሀብቴን አነሣሁ። የአንደኛ ደረጃ መምህራን ሙያቸውን ለምን እንደሚተዉ በ1967 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ከ1969 እስከ 1974 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን መሩ፤ ሚኒስትርም ሆኑ፤ ከዚያ በዓለም ባንክ የትምህርት ክፍል ዳይሬክተር ሆኑ፤ ኋላም በዩኒሴፍ ሠሩ።

«ታዲያ ራሳቸውስ?» አለ አንዱ፤ ሳቅን።

እኔ ግን አልፈርድም። በዋሽንግተን ተቀምጦ ስለ ብዙ ድኻ አገሮች ትምህርት መድከም መቅበር አይደለም። ወንጌሉም ባለ አምስቱ በየትኛው ገበያ እንደ ነገደ አይነግረንም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ሂሳቡን የሚጠይቀው መክሊቱን የሰጠው ነው። ለእኔ ትምህርት ደግሞ ልጁን ፊደል የሚያስቆጥርለት ያጣ ገበሬም ግብር ከፍሏል። የመምህርነት ተማሪ ነኝ። ከውጭ የመጣልኝን የትምህርት ዕድል ቅጽ እስካሁን አልሞላሁትም፤ አልቀደድሁትምም።