ቀስ ብሎ መሄድ የማን ነው?

ለመሆኑ ዕረፍት ከማን ላይ ይወሰዳል? በደቡብ ፈረንሳይ ያለው ካናል ዱ ሚዲ በ1681 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጭነት ሊመላለስበት ነበር፤ እህሉም ወይን ጠጁም። ዛሬ ጎብኚው የወይን አገሩን በመኪና ዞሮ ሲያበቃ ጀልባ ተከራይቶ ይንሳፈፍበታል።

ሩቅ አገር ምን ወሰደን? ዝዋይም (ባቱ ይሏታል) ያው ናት። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ወርዶ፣ የወይን ተክል አይቶ፣ በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት መሻገር ነው። የዘይ ዓሣ አጥማጅ ታንኳ ለጎብኚው ፎቶግራፍ ናት፤ ለባለቤቷ ግን እራት።

እኛ ጉለሌዎች ነገሩን ከደጃችን እናውቀዋለን። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱት እናቶችም ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። ታዲያ ማን ሽርሽር አለው? ጎብኚው ሲሰለቸው መኪናው ውስጥ ይገባል፤ እነሱ ሸክሙን የት ይጣሉት?

ዕረፍት ኃጢአት ነው አንልም። እንዲያ የሚሉ ጓደኞች አሉን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ከጠጅ ቤት አይጠፉም! የሄደ ይሂድ፣ ብርጭቆውንም ያንሳ። ብቻ ወይን ለቃሚዋን የቀን ሒሳቧ ስንት እንደሆነ ይጠይቃት። ጥያቄው ሽርሽር ያበላሻል የሚሉን አሉ፤ ጠይቀው እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገሩንም።