አምስተኛው ቀን የማን ነው?

ሰንበቴ የምትባለው ከተማ ስሟ ዕረፍት ነው፤ ዕረፍት የምታጣው ግን በስሟ ቀን ነው። እሑድ ሲነጋ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይመጣል፣ ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል፣ የጅሌ ጥሙጋው ኦሮሞ ማሽላውን በአህያ ያደርሳል። ሁሉም የሚገናኙት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው።

አንድ እሑድ እዚያ ገበያ ውስጥ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰ ልጅ አየሁ። ሹራቡ ክርኑ ላይ ተበልቷል። ሁለት ፍየሎች ይዞ ገመዳቸውን አውራ ጣቱ ላይ ስለጠመጠመው የጣቱ ጫፍ ነጥቷል። «ስንተኛ ክፍል ነህ?» አልኩት። «አምስተኛ።» «ነገ ትምህርት አለ?» ዞር ብሎ ፍየሎቹን አያቸው። «ከተሸጡ» አለኝ።

የትምህርት ሳምንት ስንት ቀን ይሁን የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ያቺ «ከተሸጡ» ትመጣብኛለች። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ችግር ጊዜ አንዳንድ የገጠር ወረዳዎች የትምህርቱን ሳምንት ወደ አራት ቀን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ዛሬ አሠራሩ ከ20 በላይ ግዛቶች ውስጥ አለ። ምክንያታቸው የአውቶቡስ ወጪና መምህር ማጣት ነው። ገንዘቡ ያን ያህል እንዳልተረፈ፣ የልጆቹም ውጤት በመጠኑ እንደተጎዳ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1882 በወጣው ሕግ ከእሑድ ሌላ አንድ ቀን ነፃ አድርጋ ነበር፤ ወላጅ ከፈለገ ልጁን ሃይማኖት ያስተምርበት ብላ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ወደ ረቡዕ ዞረ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ፈረንሳዮች ቀኑን ሲቀንሱ ለማን እንደሚሰጡት አስቀድመው አውቀው ነበር።

ለመሆኑ ሳምንት ራሱ ምንድን ነው? ቀንን ፀሐይ ሰጠችን፣ ወርን ጨረቃ። ሳምንትን የሚያሳይ ግን ሰማይ ላይ ምንም የለም። ሰዎች የተስማሙበት ቃል ነው። (ስሙም «ስምንት» ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው፤ ሰባቱን ቀን ስምንት ብለን መቁጠራችንን ልብ የሚል የለም።) ቃል ስለሆነም ሰው ይጣላበታል። በሸዋ፣ በተጉለት ደብረ ምጥማቅ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. ገደማ በሰበሰቡት ጉባኤ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆኖ እንዲከበር የተወሰነው የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ብዙ ዓመት ከተሰደዱበት በኋላ ነው። ለአንድ ቀን ብለው ተሰደዱ። ዛሬ ተማሪው ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ሲውል ይህ ትዝ አይለውም፤ ትዝ እንዲለውም አይጠበቅም።

የሰንበቴ ሰው አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ለእርሱ ታላቁ ቀን ዓርብ ነው። ጁምዓ ደግሞ ሰንበት አይደለም። አዛን ሲሰማ ንግድ ይቆማል፣ ሶላት ሲያበቃ ሰው ወደ ሥራው ይበተናል። መሥሪያ ቤቶቻችንም ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ተዘግተው ከዚያ ይከፈታሉ። ሰንበት ቀኑን ሙሉ ያቆማል፤ ጁምዓ ሰዓቱን ለይቶ ይቀድሳል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ነገር አለ። ባለጉዳይ፣ ጌታ፣ ነጋዴ፣ አባትም ቢሆን ያንን ጊዜ መውሰድ አይችልም። የሰንበት ሕግ አገልጋዩንና በሬውን ሳይቀር ይጠቅሳል፤ ራሳቸውን ማስከበር የማይችሉትን ማለት ነው። እንግዲህ ዕረፍት የሚባለው ባዶ ቀን ሳይሆን የተጠበቀ ቀን ነው።

ከዚህ ላይ ቆሜ ነው የአራት ቀኑን ሐሳብ የምመዝነው። እኛ ሞክረነው እናውቃለን፤ ስም ሳናወጣለት። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ተዘግተው በጥቅምት 2013 መከፈት ሲጀምሩ በአንድ ክፍል ከ25 የማይበልጥ ተማሪ እንዲቀመጥ ተባለ። ስለዚህ በብዙ ቦታ ተማሪው ለሁለት ተከፍሎ በፈረቃ፣ ቀን እየዘለለ ይማር ነበር። የቀሩትን ቀናት ልጁ የት ዋለ? ቴሌቪዥን ያለው ቤት የዋለና ፍየል ያለው ቤት የዋለ አንድ ዓይነት ቀን አልዋለም። በኅዳር 2014 መጨረሻም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ተማሪዎቻቸው በሰሜኑ ጦርነት የዘመቱትን ሰዎች ሰብል እንዲሰበስቡ ተብሎ፣ ለአንድ ሳምንት ተዘጉ። ዓላማውን አልነቅፍም፤ ሰብል ማሳ ላይ ሲረግፍ ማየት ከባድ ነው። ግን ያ ሳምንት የልጆቹ አልነበረም። በዚያው ወር የከሚሴ ከተማና ሰንበቴ ራሳቸው ጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ እዚያ ቀን ቆጥሮ የሚቀንስ ሰው አያስፈልግም ነበር።

ለሐሳቡ የሚቆም ሰው የሚለው አለው፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። የሰንበቴ ገበያ እሑድ በመዋሉ ከትምህርት ቤቱ ደወል ጋር አይጋጭም። የባቲ ገበያ ግን ሰኞ ነው፤ የባቲን ልጅ በአንድ ጠዋት ገበያውም ደወሉም ይጠሩታል። ገበያውን የመረጠ ልጅ አራት ቀን እየተማረ ለአምስት ቀን ይፈተናል። ታዲያ ልጁ በሌለበት ሰኞ ከማስተማር ሳምንቱን ከኑሮው ጋር ማስማማት አይሻልም? ለአርብቶ አደሩም ጭምር የታሰበው አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የተነሳው ከዚሁ ጥያቄ ነው፤ ሰዓቱን ኅብረተሰቡ ይወስን ከሚል። ጥሩ ሐሳብ ነው። የምፈራው «ኅብረተሰቡ» ሲባል ማን እንደሚናገር ስለማውቅ ነው። በስብሰባው ላይ የሚነሱት አባቶች ናቸው። ልጅቷ አትነሳም። ወንድሟ በተረፈችው ቀን ፍየል ሲጠብቅ ቢያንስ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ እሷ ውሃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ ማታ ደብተሯን ስትገልጥ እንቅልፍ ይጥላታል። ለእሷ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ራሱ ዕረፍት ነው። ጥቁር ሰሌዳው ፊት በሚያልፉት 40 ደቂቃዎች «ነይ» የሚላት የለም። አምስተኛውን ቀን ከእሷ መውሰድ ሰንበቷን መውሰድ ነው።

ስለዚህ ቀን ለመቀነስ የሚያስብ የትምህርት ኃላፊ ካለ አስቀድሞ የስም መጥሪያውን መዝገብ ያውርድ። «ቀሪ» የተባሉትን በየዕለቱ ለይቶ ይቁጠር፤ ሰኞ ስንት፣ ሐሙስ ስንት፣ ከወንዶቹ ስንት፣ ከሴቶቹ ስንት። ከዚያ ልጆቹን ራሳቸውን የት እንደዋሉ ይጠይቅ። አባቶቻቸውን ከእነሱ በኋላ ያነጋግር።