ያልከፈትነው ክዳን



ለዛሬው ጁምዓ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ሰው የሚጠየቀው ባወቀው ነውር ብቻ ነው? ወይስ ማወቅ እየቻለ ላለማወቅ በመረጠውም ጭምር?

ይፋግ ላይ አንድ ወጣት አለ እንበል። በጓሮው አምስት ቀፎ አለው። ከአምስቱ የአንደኛው ንቦች ሰሞኑን ደስ አይሉም። ክንፋቸው የተጨማደደ ንቦች ከቀፎው በር ሥር መሬት ላይ ሲድሁ አይቷል። ታዲያ አንድ ቀን ሩቅ ያለ ሰው ኅብረ ንብ ሊገዛው መጣ። ወጣቱ በልቡ እንዲህ አሰበ፦ «ከፍቼ ባየው ልናገር ነው፤ ብናገር ዋጋው ይወርዳል። ባልከፍተውስ?» ሳይከፍት ሸጠ። ገዢው «ጤነኛ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው «ወላሂ ምንም ነገር አላየሁበትም» አለ።

እንግዲህ ይህ ልጅ ዋሸ?

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ቀፎው ውስጥ ያለውን ነገር እንወቅ። ቫሮዋ ይባላል። የመዥገር ዘመድ የሆነ፣ ቀይ ቡናማ መልክ ያለው፣ ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ተባይ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ለንቧ ግን እኛ ጀርባ ላይ ሳህን የሚያህል መዥገር እንደ መሸከም ነው። መነሻው የእስያ ንብ ነበር፤ ባለፈው ክፍለ ዘመን ወደ እኛው ዓይነት ንብ ተሻግሮ ዓለምን አዳረሰ። በአገራችንም፣ በአማራ ክልል ጭምር፣ መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል።

የተባዩን አሠራር ልብ በሉ። እናቲቱ ተባይ እጭ ወዳለበት የእንጀራው ቀዳዳ የምትገባው ሠራተኛ ንቦች በሰም ሊያሽጉት ሲሉ ነው። ንቦቹ ክዳኑን ይዘጋሉ። ጠላታቸውን ከገዛ ልጃቸው ጋር አብረው አሸጉት ማለት ነው! በዚያ ጨለማ ትፈለፍላለች፤ ልጆቿም በማደግ ላይ ካለችው ንብ ይመገባሉ። ንቧ ስትወጣ ተባዮቹም አብረው ይወጣሉ። ለረጅም ዓመታት የንቧን ደም ይመጣሉ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ግን በዋናነት የሚበሉት እንደ እኛ ጉበት የሚያገለግላትን የስብ ክፍል መሆኑን አሳየ። በዚያ ላይ ክንፍ የሚያጣምም ቫይረስ ያስተላልፋሉ። ወጣቱ መሬት ላይ ሲድሁ ያያቸው ንቦች ምልክት ነበሩ።

ምልክቱን ያየ ሰው ማጣራት ከባድ አይሆንበትም። ንግሥቲቱ አለመኖሯን አረጋግጦ፣ እጭ ካለበት እንጀራ ላይ 300 ያህል ንቦችን አፉ ወንፊት በሆነ ዕቃ ውስጥ ማስገባትና የተፈጨ ስኳር ነስንሶ መነቅነቅ ነው። ተባዩ እየለቀቀ በወንፊቱ ይወርዳል፤ ይቆጠራል። ንቦቹ በሕይወት ወደ ቀፏቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ የወጣቱ «አላየሁም» ሊያውቀው ያልቻለ ሰው ቃል አይደለም። ጥቂት ማንኪያ ስኳር የነፈገ ሰው ቃል ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ ከእህል ክምር አጠገብ ቆመው እጃቸውን ወደ ውስጥ ያስገቡበትን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከላይ ደረቅ፣ ከውስጥ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። ሙስሊም ዘግቦታል። ዝናቡን ያመጣው ሻጩ አልነበረም። የተጠየቀው በዝናቡ ሳይሆን እርጥቡ ከሥር በመቅረቱ ነው። ወጣቱንም ቫሮዋን አንተ አመጣኸው የሚለው የለም።

«የኛ ንብ ጠንካራ ነው፤ ይችለዋል» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። የአፍሪካ ንቦች ከአውሮፓዎቹ በተሻለ ቫሮዋን ይቋቋማሉ። ግን ነገሩ ያን ያህል ቀላል ከሆነ ለገዢው መንገሩ ለምን ከበደ? ደግሞ የጥንካሬያቸው አንዱ ምክንያት ምን መሰላችሁ? ንቦቹ የተበከለውን እጭ በሽታ ለይተው፣ የሰሙን ክዳን ራሳቸው ቀደው ያወጡታል። ሱብሓነላህ! እነሱ የከፈቱትን ክዳን ባለቤታቸው መክፈት ፈራ።

ሌላው ደግሞ «ገዢው ራሱ አይቶ ይግዛ» ይላል። ጉዳቱ ግን ከገዢው ጋር አያበቃም። የደከመ ቀፎ በሌሎች ንቦች ይዘረፋል፤ ዘራፊዎቹ ከማሩ ጋር ተባዩን ይዘው ይመለሳሉ። ስለ ሽያጩ ምንም ያልሰሙ ጎረቤቶች ዕዳውን ይከፍላሉ። የእነሱ ሐቅስ?

በእርግጥ ሳያውቅ የሸጠ ሰው እንዳጭበርባሪ አይቆጠርም፤ ገዢው ግን የተደበቀ ዐይብ ሲያገኝ የመመለስ መብት እንዳለው ዑለማዎቻችን አስተምረዋል። ፈትዋው የእነሱ ነው። እኔ የምናገረው ስለ ልብ ነው። ምልክቱን አይቶ ፊቱን ያዞረ ሰው «አላውቅም» ሲል ምላሱ እውነት ትናገር ይሆናል፤ ልቡ ግን ለምን እንዳልከፈተው ታውቃለች። ሱረቱል ቂያማ ሰው ሰበቡን ቢደረድር እንኳ በራሱ ላይ ምስክር መሆኑን ታስተምረናለች።

ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደርና በጎጃም መካከል የሚመላለሱ ነጋዴዎች የሚያውቋት ገበያ ነበረች። በዚያ ዘመን የረጅም ርቀት ንግድ ውስጥ ሙስሊሞች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ደረሰኝና ዋስትና በሌለበት ዘመን አንድ ነጋዴ ተመልሶ መጥቶ የሚሸጠው ስሙ ሲታመን ነው። ያ አማና ለኛም የወረደ ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ! አንተ ቀፎ ላይኖርህ፣ አንቺም ንብ ላትሸጪ ትችያላችሁ። ግን «ባትሪው እንዴት እንደሆነ አላየሁም» ብለን የምንሸጠው ስልክ አለ። ከየት እንደመጣ ላለመስማት የማንጠይቀው ገንዘብ አለ። ጥፋታችንን እንዳንሰማ የማንደውልለት ወዳጅ አለ። ሳይማር ላለመጠየቅ ብሎ ከዒልም የሚሸሽም አለ። ሁላችንም በሰም ያሸግነው ክዳን አለን።

አላህ በሱረቱ-ን-ነሕል በ68ኛውና በ69ኛው አንቀጽ ስለ ንብ ሲነግረን፣ ለሚያስተነትኑ ሰዎች ምልክት እንዳለበት ገልጿል። ማስተንተን ማር መላስ ብቻ አይደለም። ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንዱን ክዳን እንክፈት። የታመመ ነገር ካገኘን ለባለ ሐቁ እንንገር። ያ ወጣትም ቢሆን አልረፈደበትም፤ ገዢው ሌሎቹን ንቦች ሳይበክልበት ስልክ መደወል ይችላል።

ያ አላህ! ነውራችንን አይተን ከምናርም አድርገን፤ በንግዳችንም በረካን አታንሳብን። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!